«ሽቦውን ማን ያየዋል?»

ሰሞኑን የቤታችን ወሬ የጉዞ ወሬ ብቻ ሆኗል። የጨንቻዋ አክስቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ዋሽንግተን ሊሄዱ ነው። ቪዛው ተመትቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል፣ የአራስ ገንፎ እህሉ ተፈጭቷል፣ በርበሬና ሽሮው ታሽጓል። ለሕፃኑ የሚሆነው ጋቢም ከዶርዜ ሸማኔ እጅ ከወጣ ሳምንት ሆኖታል።

አክስቴ በዕድሜያቸው አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። እኛ ይፈሩታል ብለን የጠበቅነው ከፍታውን ነበር። ለካ ዕድሜውን በሙሉ ከአፋፍ ላይ ሆኖ አባያን ቁልቁል ሲያይ ለኖረ ሰው ከፍታ ምኑም አይደለም። እሳቸው የጠየቁት ሌላ ነው፤ «አውሮፕላኑ ውስጥ ያለውን ሽቦ ማን ያየዋል?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ባለፈው ክረምት በሰፈራቸው አንድ ሱቅ በኮንታክት ተቃጥሏል። ባለቤቱ በሩን ቆልፎ ከሄደ በኋላ ከኮርኒሱ በላይ ሲጨስ አምሽቶ፣ ሰው ያየው ጣሪያውን ከበላ በኋላ ነበር። አክስቴ ከዚያ ወዲህ የሚያስቡት ስለማይታየው ሽቦ ነው። ደግሞም የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች ስንት ዓመት የደከሙበትን ጥያቄ ነው አንስተው ቁጭ ያደረጉት።

የዶርዜን ቤት የገባችሁበት ታውቁታላችሁ። ቤቱ ከቀርከሃ የተሸረበ፣ በእንሰት ሽፋን የለበሰ፣ ከላይ እስከ ታች የሚቀጣጠል ነገር ነው። እሳቱ ግን የሚነደው መሐል ላይ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ዙሪያውን በተቀመጠበት ነው። ፍንጣሪ ቢዘል አምስት ሰው ያየዋል፣ አንዱ ይረግጠዋል። መብራት ወደ ቤታችን ሲገባ ግን እሳቱ ከዓይን ሸሸ። ከግድግዳው ጀርባና ከኮርኒሱ በላይ፣ አይጥ እንጂ ሰው በማይደርስበት ቦታ ተቀመጠ። አውሮፕላን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ኮርኒስና ግድግዳ ነው ማለት ይቻላል። በትልቁ ቦይንግ 747 ውስጥ ያለው ሽቦ ቢዘረጋ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ሶዶን አልፎ ይሄዳል። መንገደኛው ከዚያ ሁሉ አንዲት ጫፍ እንኳ አያይም።

ይህን ለአክስቴ ሳስረዳ የመረጥኩት ምሳሌ የራሳችንን ነው፤ ብዙዎቻችሁም ታስታውሱታላችሁ።

ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ ዓርብ፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት። «ንግሥተ ሳባ» የሚል ስም የተሰጠው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ድሪምላይነር በማለዳ ከአዲስ አበባ ለንደን ሂትሮው ገባ። መንገደኛው ወረደ፣ ሠራተኛው ወረደ፣ ኃይሉ ተቋረጠ፣ በሩ ተዘጋ። ባዶ አውሮፕላን ሆኖ ስምንት ሰዓት ያህል ቆመ። ከዚያ ከቁጥጥር ማማው ላይ ያሉ ሰዎች ጭስ አዩ። ጭሱ የሚወጣው ከኋላ፣ ከጭራው ሥር ካለው የጣሪያ ክፍል ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውስጥ ሲገቡ ጋቢናው በጭስ ታፍኗል፤ የኮርኒሱን ገበታ ነቅለው ነው እሳቱን ያገኙት። የሂትሮው መንደርደሪያዎች ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተዘጉ። የሞተም የቆሰለም የለም።

የዚያን ቀን ማታ እዚህ አገር የስልክ ጩኸቱን ታስታውሱት እንደሆነ አላውቅም። ልጁ ለንደን ያለበት ሁሉ ይደውላል። አውሮፕላኑ አዲስ ነው፤ አየር መንገዳችን ድሪምላይነርን ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ ከተረከበ ገና ዓመት አልሞላውም። ኃይሉ የተቋረጠ ባዶ አውሮፕላን እንዴት ይቃጠላል? ብዙ ሰው ያኔ ሻይ ማፍያው ሳይዘጋ ቀርቶ ነው፣ ሰው አቃጥሎት ነው ሲል ነበር።

መርማሪዎቹ ያገኙት ከዚህ ሁሉ ግምት ያነሰ ነገር ነው። ከኮርኒሱ በላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች። አውሮፕላኑ ወድቆ ቢጠፋ ያለበትን ቦታ ለፈላጊዎች የምትናገር ራዲዮ ናት፤ ሠሪው ሃኒዌል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። አውሮፕላኑ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ እንድትሠራ የራሷ የሊትየም ባትሪ አላት። ኃይሉ የተቋረጠ አውሮፕላን ውስጥ እሳት ሊነሳ የቻለውም በዚህ ነው። የባትሪዋ ክዳን ሲዘጋ ከባትሪው የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ተደራርበው ከክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር። የብሪታንያ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች ነሐሴ 2007 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት እንደደመደሙት፣ ሁለቱ ሽቦዎች ኮንታክት ፈጥረው ባትሪው በፍጥነት ሳይፈስና ሳይግል አልቀረም። አንዱ የባትሪ ክፍል ሲቀጣጠል ጎረቤቱን አቀጣጠለ። የድሪምላይነር ገላ ደግሞ በአብዛኛው ከካርቦን ክርና ከሙጫ የተሠራ ስለሆነ፣ ሙጫው በሙቀቱ እየተበተነ እሳቱን ቀስ እያለ ወሰደው።

ሰው ሲጠፋ እንድታስገኝ የተቀመጠች ሣጥን ናት እንግዲህ እሳቱን የጫረችው። አክስቴ ይህን ሲሰሙ «ዘበኛው ራሱ ሌባ ሆነ በለኛ» አሉ።

አሁን ወደ ጥያቄያቸው ልምጣ። እሳቱ በተነሳ በስድስተኛው ቀን የብሪታንያ መርማሪዎች ምርመራቸው ሳያልቅ አንድ ማሳሰቢያ አወጡ፤ በድሪምላይነሮች ላይ ያለችው ይህች ራዲዮ ለጊዜው ከሥራ ውጭ ትደረግ አሉ። ተመሳሳይ ሣጥን ወደ 6,000 ያህል ተመርቶ በብዙ ዓይነት አውሮፕላኖች ላይ ተገጥሞ ነበር፤ እንዲህ ያለ እሳት ያስነሳው ያኔ አንዱ ብቻ ነው። «ከስድስት ሺህ አንድ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ያ እሳት ሰው ተሳፍሮ ውቅያኖስ ላይ ሳለ ቢነሳ ኖሮ የበረራ አስተናጋጆቹ ከኮርኒስ በላይ ያለውን ነበልባል በእጅ ማጥፊያ መድረስ ይከብዳቸው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ግዴታ አወጣ። በአገሩ የተመዘገበ ድሪምላይነር ያለው ሁሉ በ10 ቀን ውስጥ ወይ ሣጥኗን ያውጣ፣ ወይ ከፍቶ ሽቦዋን ይመርምርና ጉድለት ካገኘ ያስተካክል።

«ግዴታ» የምትለውን ቃል እዚህ ላይ ማብራራት ነበረብኝ። አውሮፕላን ሠሪው በየጊዜው ለደንበኞቹ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ይህ ክፍል ቢለወጥ ጥሩ ነው ይላል። ያ ምክር ነው። ባለሥልጣኑ የበረራ ብቁነት መመሪያ ሲያወጣ ግን ቀን ይቆርጣል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ያልተስተካከለው አውሮፕላን መብረር አይችልም። አውሮፕላኑን ያጸደቀው አገር ያወጣውን መመሪያ የሌሎች አገሮች ባለሥልጣናትም ተቀብለው በየአገራቸው በተመዘገቡት ላይ ያስፈጽማሉ። ለእኛ አውሮፕላኖች ይህ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣናችን ድርሻ ነው። አክስቴ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። የጋሞ ሰው ዱቡሻን ያውቃል። ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ቆመው የሚሰጡት ምክር ሌላ፣ ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው የሚቆርጡት ነገር ሌላ። የኋለኛውን አልሰማሁም የሚል የለም።

አየር መንገዳችን ግዴታ ሲመጣ ምን እንደሚመስል በዚያው ዓመት ቀደም ብሎም ቀምሶታል። በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከቶኪዮ ቦስተን ደርሶ በቆመ የጃፓን ድሪምላይነር ውስጥ ዋናው ሳይሆን ረዳቱ ባትሪ ተቃጠለ። ሳምንት አልፎ ሌላ የጃፓን ድሪምላይነር በባትሪ ጭስ ምክንያት በአስቸኳይ አረፈ። ጥር 8 ቀን አሜሪካ አስቸኳይ መመሪያ አወጣች፤ በዓለም ላይ የነበሩት 50 ድሪምላይነሮች በሙሉ መሬት ያዙ። አራቱ የእኛ ነበሩ። ከሦስት ወር በላይ ቆሙ። አንድ ቀን የቆመ አውሮፕላን ምን ያህል እንደሚያከስር የሚያውቅ ያውቀዋል። መፍትሔው ሲገኝ በባትሪው ክፍሎች መካከል መከለያ ተጨመረ፣ ባትሪ መሙያው ከልኩ እንዳያልፍ ጠበቀ፣ ባትሪው በሙሉ በማይዝግ ብረት ሣጥን ውስጥ ተዘጋ፣ ጭሱ በቱቦ ወደ ውጭ እንዲወጣ ተደረገ። ይህን ሳያስገባ ማንም አልበረረም። ለውጡን ጨርሶ መንገደኛ ጭኖ በዓለም ላይ ቀድሞ የተነሳው የኛው አየር መንገድ ነው፤ ሚያዝያ 19 ቀን፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ። ያኔ በሬዲዮ ስሰማ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር፤ አሁንም አልሸሽገውም።

በነገራችን ላይ፣ ያ የሂትሮው አውሮፕላንም አልተጣለም። ቦይንግ የተቃጠለውን የጣሪያ ክፍል ጠግኖት በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ወደ ሥራ ተመልሷል።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ ቶሎ አይሆንም፤ ይህንንም ለአክስቴ አልደበቅኋቸውም። ነሐሴ 27 ቀን 1990 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ ጄኔቫ ይበር የነበረ የስዊስኤር አውሮፕላን 229 ሰው እንደያዘ ካናዳ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ወደቀ። አብራሪዎቹ መጀመሪያ የሸተታቸው ትንሽ የጭስ ሽታ ነበር፤ ከዚያች ሽታ እስከ መጨረሻው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የነበራቸው። ካናዳውያን ከአራት ዓመት በላይ ከባሕር ሥር ስብርባሪ እየለቀሙ፣ ከጋቢናው ኮርኒስ በላይ ያለፈ ሽቦ ብልጭታ ፈጥሮ እንደነበር አገኙ። ከተጠረጠሩት ሽቦዎች አንዱ ለመንገደኛ ፊልምና ጨዋታ ማሳያ በኋላ የተጨመረ ነው። ብልጭታው ብቻውን ምንም አያደርግም ነበር። አጠገቡ ያለው ሙቀትና ድምፅ መከላከያ ብርድ ልብስ ግን ሽፋኑ እንደ ወረቀት ተያያዘ። የሚያሳዝነው፣ ያ ሽፋን በወቅቱ የነበረውን የእሳት ፈተና አልፎ የገባ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ፈተናው ተለወጠ፤ በአሜሪካ ብቻ ከ700 በላይ አውሮፕላኖች ያንን ብርድ ልብስ እስከ 1997 ዓ.ም. አውጥተው እንዲጥሉ ታዘዘ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 1988 ዓ.ም.፣ ከኒው ዮርክ የተነሳ ቲ.ደብልዩ.ኤ. 747 ነዳጅ ጋኑ ፈንድቶ 230 ሰው አለቀ። መርማሪዎቹ ከሁሉ ይበልጥ የጠረጠሩት ከጋኑ ውጭ የተፈጠረ ኮንታክት በነዳጅ መለኪያው ሽቦ በኩል ወደ ውስጥ መግባቱን ነው። በጋኑ ውስጥ ያለው የነዳጅ ትነት በቀላሉ እንዳይቀጣጠል የሚያደርገው ግዴታ ግን የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ 12 ዓመት ወሰደ። ለሂትሮው ሣጥን ሁለት ሳምንት፣ ለዚህ 12 ዓመት። ሂትሮው ላይ ማንም አልሞተም፤ እዚያ 230 ሰው ሞቷል። ለእኔ የሚመስለኝ፣ ትንሽ ሣጥን ማውጣት ርካሽ ነው፣ የነዳጅ ጋን መለወጥ ውድ ነው። ወጪውን ማን ይከፍላል የሚለው ክርክር ዓመታቱን በላው። ልጆቻችንና እናቶቻችን በሚሳፈሩበት ነገር ላይ እንዲህ ያለ ክርክር ሲረዝም ደስ አይለኝም፤ ቢሆንም መጨረሻው ግዴታ ሆኗል።

«ታዲያ አሁን ማን ያየዋል?» አሉ እንደገና። ሰው አላቸው፤ ሰው ያየዋል። 2000 ዓ.ም. ላይ በአሜሪካ የወጣ ሌላ ደንብ የአውሮፕላን ሽቦ እንደ ሞተሩ፣ እንደ ጎማው ራሱን ችሎ የሚመረመር ክፍል ይሁን አለ። ከዚያ በፊት ሽቦ እንደ ማሰሪያ ገመድ ነበር የሚታየው፤ ካልተበጠሰ ማንም አያስበውም። አሁን ሠሪዎቹ ሽቦው የሚያልፍበትን ቦታ ሁሉ ለይተው መቼና እንዴት እንደሚታይ መጻፍ አለባቸው። ቴክኒሽያኑ ወንበሩን ነቅሎ፣ ወለሉን ከፍቶ፣ ኮርኒሱን አውርዶ በመብራት ያያል። ሽቦው ከብረት ጠርዝ ጋር እየተፋተገ እንደሆነ፣ ማሰሪያው ላልቶ እንደሆነ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ውሃ የሚንጠባጠብበት እንደሆነ ይመረምራል። ከሁሉ የገረመኝ የአቧራው ነገር ነው። ከብርድ ልብስና ከልብስ የሚረግፈው ብናኝ ሽቦው ላይ ሲከመር ለብልጭታ እንደ ጭራሮ ስለሚሆን መጠረግ አለበት። ሲበሳ የሚረግፍ የብረት ፍርፋሪም እንዲሁ፤ ሽቦው መሐል ገብቶ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

አክስቴ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ የሚሄዱት ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው፤ ከአዲስ አበባ በኋላ ትልቁ ይቀበላቸዋል። ቦሌ ላይ ያለው የአየር መንገዳችን ጥገና ክፍል የአሜሪካንም የአውሮፓንም ፈቃድ ይዞ የሚሠራ ነው፤ ከዚያ ከሚሠሩት ልጆች መካከል የእኛ አካባቢ ልጆች አሉ። ይህን ስነግራቸው «እንዲያ ከሆነ ደህና» አሉና ወደ በርበሬያቸው ተመለሱ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የራሴን ቤት ኮርኒስ ቀና ብዬ አያለሁ። ለቤታችን ቀን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለም። ቆጣሪው ድረስ ያለው የመብራት ኃይል ነው፤ ከቆጣሪው በኋላ ያለው የእኛ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 16 አምፒር ያህል ይጎትታል፤ ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ ካረፈ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ፊውዝ ሲበጠስ በወፍራም ሽቦ የሚጠግን ሰው ደግሞ አለ፤ ያ እንግዲህ እሳቱ ሲመጣ የሚጮኸውን ውሻ እንደ መግደል ነው። ምጣዱ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ በናስትሮ የተጠቀለሉ ቅጥሎች ከኮርኒስ በላይ አይቅሩ። ይህን ሥራ የሚያውቅ ኤሌክትሪሻን ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

ለተጓዥ እናቶችና አባቶች ደግሞ ልጆች ቦርሳ ሲያሰናዱላቸው አንድ ነገር ይታይ፤ ፓወር ባንኩ። ውስጡ ያለው ሂትሮው ላይ እንደተቃጠለው ዓይነት የሊትየም ባትሪ ነው፤ ዓይነቱ ቢለይም ጠባዩ አንድ ነው። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሊነሳ የተዘጋጀ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ከራስጌው የዕቃ መደርደሪያ በተነሳ እሳት ጣሪያው ተቃጥሏል፤ ሰዎቹ ሁሉ በተንሸራታቹ ወርደው ተርፈዋል። መርማሪዎቹ የጠረጠሩት ፓወር ባንክ ነው። ስለዚህ ፓወር ባንክ በሻንጣ ተደርጎ ወደ ታች አይላክም፤ ከሰው ጋር በእጅ ቦርሳ ይገባል፤ ሰው ያየዋልና። መጠኑ ከ100 ዋት ሰዓት አይብለጥ፤ ገበያ ላይ ያለው ባለ 20,000 ሚሊ አምፒሩ 74 ያህል ስለሆነ ያልፋል። ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ቤት ይቅር። በኪው 400 ላይ ትልቅ የእጅ ቦርሳ በሩ አጠገብ ተወስዶ ወደ ዕቃ ክፍል ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ፓወር ባንኩን አውጥቶ መያዝ ነው። ስልክ በወንበር መሐል ቢወድቅባቸውም ወንበሩን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሱ አይፈልጉት፤ ብረቱ ባትሪውን ይጨፈልቀዋል። ሆስተሷን ይጥሩ፤ እሷ ለዚህ ሠልጥናለች።